የጠራጊው ቆጠራ

ጨዋታው ሲያበቃ ያኔ ነው ተራዬ፤
ባልዲ አንጠልጥዬ፣ ከነመጥረጊያዬ።
ወለሉ ለኔ ነው የዕለት ጋዜጣ፤
ማን የት እንዳለፈ፣ ማን ዘሎ እንደመጣ፣
ማን ዱባ እንደፈራ፣ ማን እንደደፈረ፣
ሰሌዳው ዝም ቢል ወለሉ መሰከረ።

ኖቫ ስኮሺያ ነው፤ ከፈንዲ ዳርቻ፤
ባሕር ጭቃ ትቶ ይሸሻል ለብቻ፣
ደግሞ ተመልሶ ይሞላል እስከ አፉ፤
ልጆቹም እንዲያው ናቸው፣ ሲመጡ ሲያልፉ።
ጠዋት ይሞላሉ፣ ዘጠኝ ላይ ይሸሻሉ፤
ለኔ ግን ሁልጊዜ ጭቃ ይተዋሉ።

ሽማግሌው ኤበን፣ ከታች ካለው እርሻ፣
ዱባ ጭነው መጡ፣ የኛን ክፍል ድርሻ።
ሦስት ሆነን አነሣነው፣ አንደኛው እኔ ነኝ፤
እስካሁን ክብደቱ ወገቤ ላይ ቀረኝ።

«ወገቡን ገምቱ!» አለች መምህርት ሎርና፣
ክር ሰጠች ለሁሉም፣ መቀስ አቀበለችና፤
ኦዴት የቆረጠችው ለአይጥ ወገብ አነሰ፣
የዊንስሎ ግን ረዝሞ ኮሪደር ደረሰ።

ቀጥሎ እሽቅድምድም፤ መጥረጊያዬን ነጥቀው
ትንንሽ ዱባ ሲገፉ፣ ጫማቸውን ጥለው፤
ዱባ ቀጥ አይልም፤ ሂድ ሲሉት ይዞራል፤
ግራ ነው ስትለው ቀኝ ግድግዳ ይመታል።
ዱባና ቅል እንኳ አበቃቀሉ ለየቅል፤
ዱባና ዱባም ቢሆን፣ አየሁት፣ አይመሳሰል።

ውሃ በገንዳ ቀርቦ «ይሰምጣል? ይንሳፈፋል?»
ብላ ስትጠይቅ፣ ሁሉም «ይሰምጣል!» ይላል፤
ዱባው ተንሳፈፈ፣ ሆዱን ለጣሪያ ሰጥቶ፣
እንደ እሑድ ዋናተኛ እጅ እግሩን ዘርግቶ።
ውሃውን ማን ደፋ? አልናገርም ስሙን፤
ማሞቂያው ላይ ሰጥቼ አድርቄለታለሁ ካልሲውን።

ከዚያ ትልቁ ተከፈተ።
ሽታው ኮሪደሩን ሞላ፤ እንደ እርጥብ አፈር ሸተተ።
«ስንት ፍሬ አለው?» አለች።
ዊንስሎ «ሚሊዮን» አለ፣ ኦዴት «አሥራ ሰባት»፣
ካሉም ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «ሁሉንም» አላት።
ሰሌዳው ላይ ቁጥር እንጂ «ሁሉም» ቦታ የለው፣
ጠመኔዋን ይዛ ቆመች፤ ኋላ ግን ጻፈችው።

አሥር አሥር እያደረጉ በወረቀት ኩባያ
ቆጠሩ በሹክሹክታ፣ ያለ ጩኸት፣ ያለ ግፊያ፤
አራት መቶ አሥራ ሁለት። ደግመው ሲቆጥሩ
አሥራ አንድ! አንዲቷ የት ገባች? ጠረጴዛ ሥር ዞሩ።
ሎርና «አንድ ምን አላት» ብላ ልታልፈው፣
ዊንስሎ ግን አለቀሰ፤ ለሱ አንድ ብዙ ነው።

እኔ ግን አይቻለሁ፤ በሩን ተደግፌ፣
ካሉም እጅጌው ውስጥ ሲከት፤ አልወጣም ከአፌ።
አየኝ። አየሁት። ጣቱን ከንፈሩ ላይ
አላኖረም፣ አልለመነም፤
ቀና ብሎ ጣሪያ አየ፣ ጣሪያ ላይ እንዳለው ጉዳይ።
«ሁሉንም» ያለ ልጅ አንዷን ብቻ ወሰደ።
ይኼን ሒሳብ ለማረም ማን ተማረ? ማን ወደደ?

መሸ። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው
ይጠብቁኝ ነበር እግራቸውን ሰቅለው።
የዱባው ክር ከወለሉ እንደ ሙጫ ተጣብቋል፤
በጥፍሬ ስፍቀው ይንሸራተታል፣ ያሾፍብኛል።
ሰሌዳ ማጥፋትም የኔ ነው፤ ቁጥሮቹን አጠፋሁ፤
«ሁሉም» የምትለዋ ጋ ስደርስ ጨርቁን አጥፌ ወጣሁ።

ቤቴ ደርሼ ጫማ ሳወልቅ፣ ከተረከዙ ሥር
አንድ ሌላ ፍሬ፤ ነጭ፣ እርጥብ፣ የተጣበቀ ከጠጠር።
እንግዲህ አራት መቶ አሥራ ሦስት ነበር።
ነገ ለዊንስሎ ልንገረው? ወይስ ይቅር?